ያላየውን የእሳት ራት የሰየመው ሐኪም፤ የጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ ሕይወት

በነሐሴ ማምሻ ከጦር ኃይሎች የባቡር ጣቢያ ወርዶ ወደ አየር ጤና አቅጣጫ ጥቂት የተራመደ መንገደኛ፣ ከሰል አቀጣጥለው የበቆሎ እሸት የሚጠብሱ ሴቶችን ማየቱ አይቀርም። የጅማ መንገድ በሰበታ፣ በዓለም ገናና በአየር ጤና አድርጎ ወደ ከተማው የሚገባው በዚሁ በኩል በመሆኑ፣ ሠፈሩ ከደቡብ ምዕራብ ለሚመጣ እህል እንደ በር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እሸቱ ከልባሱ ሲላጥ አልፎ አልፎ ከጫፉ አንድ ትል ይወድቃል። ሻጯ የተበላውን ጫፍ ቆርጣ ትጥለዋለች፤ ገዢውም ነገሬ አይለውም። ትሉን አንሥቶ በማጉያ መነጽር የተመለከተ ግን በግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ነጣ ያለ መስመር፣ በጅራቱ አቅራቢያ ደግሞ አራት ማዕዘን ሠርተው የተቀመጡ አራት ጥቋቁር ነጥቦች ሊያገኝ ይችላል። ሁለቱ ምልክቶች አንድ ላይ ከታዩ፣ ትሉ በአገራችን የአሜሪካ ተምች ወይም መጤ ተምች የተባለው ነው።

የዚህ ነፍሳት ሳይንሳዊ ስም ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ ነው። ከስሙ ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ ጄ. ኢ. ስሚዝ፣ 1797 የሚል ይጻፋል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በሰብል ጥበቃ ዘርፍ የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጁ ተማሪዎች ይህን ቅንፍ ደጋግመው ገልብጠዋል፤ በቅንፉ ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደ ነበረ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ሰውየው የነፍሳት ተመራማሪ አልነበረም። በእንስሳው አገርም አልኖረም። ከእጁ ያለፈው የሌላ ሰው ሥዕልና የሌላ ሰው ማስታወሻ ብቻ ነበር። ይህ አጭር ጽሑፍ የዚህን ሰው ሕይወት ይተርካል። ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ በታኅሣሥ 2 ቀን 1759 በምሥራቅ እንግሊዝ በኖሪች ከተማ ተወለደ። አባቱ በሱፍ ጨርቅ ንግድ የከበረ ሰው ነበር፤ ጄምስም ከሰባት ልጆች የመጀመሪያው ነው። በሕፃንነቱ ጤናው ደካማ ስለ ነበረ ትምህርቱን የተከታተለው በቤቱ ነበር። ቤተሰቡ ከአገሪቱ መንግሥታዊ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆነ የዩኒታሪያን እምነት ተከታይ ስለ ነበረ፣ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ዲግሪ ለእንዲህ ዓይነት ቤት ልጅ ዝግ ነበር። ይህ ነገር ሁለት ጊዜ ሕይወቱን ነክቶታል፤ አንደኛው በወጣትነቱ፣ ሁለተኛው በስተርጅናው። በወጣትነቱ ያገኘው መውጫ ወደ ስኮትላንድ መሄድ ነበር። በ1781 ወደ ኤድንበራ ተጉዞ ሕክምና መማር ጀመረ፤ ከሕክምናው ይልቅ ግን ጆን ሆፕ የሚያስተምረው የዕፀዋት ጥናት ልቡን ወሰደው። ሆፕ በብሪታንያ የሊኒየስን የአመዳደብ ሥርዓት ቀድመው ካስተማሩት አንዱ ነበር። ወጣቱ ስሚዝ በዚያው በተማሪነቱ ከጓደኞቹ ጋር የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አቋቋመ። ማኅበር የማቋቋም ዝንባሌው ከዚህ ይጀምራል።

በ1783 ሕክምናውን ለመቀጠል ወደ ለንደን መጣ፤ በታላቁ የቀዶ ሕክምና ሰው በጆን ሀንተር ዘንድም ተማረ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ግዙፍ ሀብትና ተሰሚነት የነበረው የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ባንክስ ቁርስ ጋበዘው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ከስዊድን የመጣ አንድ ደብዳቤ ነበር። ካርል ሊኒየስ በ1778 ካረፈ በኋላ ስብስቡን የወረሰው ልጁ በኅዳር 1783 በ42 ዓመቱ ሞቶ ነበር። የሊኒየስ ባልቴትም ሴት ልጆቿን የምታቋቁምበት ገንዘብ ስለሚያስፈልጋት፣ መጻሕፍቱን፣ ደብዳቤዎቹን፣ የደረቁ ዕፀዋቱንና ነፍሳቱን በሙሉ በ1,000 ጊኒ ለመሸጥ ፈለገች። ባንክስ ራሱ ሊገዛው አልወደደም። ደብዳቤውን ወደ 24 ዓመቱ ተማሪ አስተላለፈና አንተ ግዛው ብሎ መከረው።

ስሚዝ በዚያው ቀን ደብዳቤ ጻፈ። ቀጥሎ የመጣው ግን ከሳይንስ ይልቅ የቤተሰብ ክርክር ነው። 1,000 ጊኒ ለአንድ ነጋዴ እንኳ ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ ልጁ ደግሞ ገና ትምህርቱን ያልጨረሰ፣ ገቢ የሌለው ሰው ነበር። አባቱ አመነታ፤ ልጁ ለመነ። በመጨረሻ አባትየው እጁን ዘረጋ። በሌላ ወገን የሩሲያዋ ንግሥት ካትሪን ስብስቡን እንደምትፈልግ ይነገር ነበር፤ ስዊድናውያን ወዳጆችም በአገር እንዲቀር ይጥሩ ነበር። ሻጮቹ ግን ቀድሞ የጠየቀውን ሰው ቃል አከበሩ። በጥቅምት 1784 26 ሣጥኖች ለንደን ደረሱ። ማጓጓዣውን ጨምሮ ጠቅላላ ወጪው 1,088 ፓውንድ ነበር። በሣጥኖቹ ውስጥ ከ14,000 በላይ የደረቁ ዕፀዋት፣ ከ3,000 በላይ ነፍሳት፣ ዛጎሎች፣ ማዕድናት፣ እንዲሁም በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎችና መጻሕፍት ነበሩ።

ስለዚህ ጉዞ የሚነገር አንድ ተረት አለ፤ የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ ሦስተኛው የአገሩ ቅርስ መሸጡን ሲሰማ መርከቧን የሚያሳድድ የጦር ጀልባ ላከ የሚል ነው። ታሪኩ በሥዕል ጭምር ስለ ተሠራጨ ለረጅም ጊዜ ታምኗል። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን አይቀበሉትም። ተረቱ የያዘው እውነት ቢኖር የስዊድናውያን ቁጭት ነው። ቁጭቱም በቂ ምክንያት ነበረው። አንድ ዝርያ መጀመሪያ ስም ሲሰጠው መሠረት የሆነው ናሙና ያለበት ቦታ፣ በዚያ ዝርያ ላይ ክርክር በተነሣ ቁጥር ተመራማሪዎች የሚሄዱበት ቦታ ይሆናል። በዚያ ጥቅምት ይህ ቦታ ከኡፕሳላ ወደ ለንደን ተዛወረ። የራሳቸው አገር ዕፀዋት የመጀመሪያ ናሙና በሎንዶን፣ በፓሪስ ወይም በፍሎረንስ መደርደሪያ ላይ መሆኑን ለሚያውቁ የአገራችን የዕፀዋት ተማሪዎች ይህ ስሜት እንግዳ አይሆንባቸውም።

ከዚያ በኋላ ስሚዝ ሐኪም ሆኖ ብዙም አልሠራም። በ1785 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። በ1786 ከእንግሊዝ ወጥቶ በሆላንድ በላይደን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክትሬቱን ተቀበለና በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ ከአንድ ዓመት በላይ ተዘዋወረ። በየከተማው በሮች የተከፈቱለት ባሳተመው ሥራ አልነበረም። በሮቹን የከፈተለት የሊኒየስ ስብስብ ባለቤትነቱ ነው። ወደ ለንደን እንደ ተመለሰ በ1788 ከሳሙኤል ጉድኢናፍና ከቶማስ ማርሻም ጋር የሊኒየስ ማኅበርን መሠረተ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም ሆነ። በየዓመቱ እየተመረጠ እስከ ሞተበት ቀን፣ ማለትም ለ40 ዓመታት፣ በዚያው ወንበር ቆየ። ማኅበሩ በ1802 የንጉሥ ቻርተር አገኘ። በሐምሌ 1858 የዳርዊንና የዋላስ የዝግመተ ለውጥ ጽሑፎች አንድ ላይ የተነበቡት በዚህ ማኅበር ጉባኤ ላይ ነው፤ ይህ ግን ከስሚዝ ሞት 30 ዓመት በኋላ የሆነ ነገር ነው።

የስሚዝን ሥራ በጥቅሉ ለተመለከተ አንድ ጠባይ ጎልቶ ይታያል። ሌሎች ሄደው የሰበሰቡትን፣ ሌሎች የሣሉትን፣ ሌሎች ጀምረው የተዉትን እሱ ቁጭ ብሎ ይጽፋል። በ1793 ስለ አውስትራሊያ ዕፀዋት መጽሐፍ ማውጣት ጀመረ፤ አውስትራሊያን ግን አላያትም። ጆን ሲብቶርፕ በግሪክና በቆጵሮስ ተዘዋውሮ፣ ፈርዲናንድ ባወር ሥዕሉን አዘጋጅቶለት፣ በ1796 ሥራውን ሳይጨርስ በሞተ ጊዜ ማስታወሻዎቹን ወደ ግዙፉ የግሪክ ዕፀዋት መጽሐፍ የቀየረው ስሚዝ ነው። ይህን እንደ ነቀፌታ ብቻ ማየት ስሕተት ይመስለኛል። ማስታወሻ የሚጽፍ መንገደኛ ብዙ ነው፤ የሞተን ሰው የተዘበራረቀ ማስታወሻ ለዓመታት ተቀምጦ የሚያስተካክል ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመው በራሱ ላይ የደረሰው ነው። ከ1790 እስከ 1814 በ36 ቅጾችና በ2,592 ሥዕሎች የታተመውን የእንግሊዝ ዕፀዋት መጽሐፍ ጽሑፍ ያዘጋጀው ስሚዝ ነበር፤ ሠዓሊው ደግሞ ጄምስ ሳወርቢ። ስሚዝ በመጀመሪያዎቹ ቅጾች ላይ ስሙ እንዳይወጣ ስለ መረጠ ሕዝቡ መጽሐፉን የሳወርቢ መጽሐፍ ብሎ ለመደው። በኋላ ስሙ ቢታተምም ልማዱ አልተለወጠም፤ ስሚዝም በዚህ መከፋቱን አልደበቀም። በዚህ መጽሐፍ ሠዓሊው የጸሐፊውን ስም ዋጠው። በሌላ መጽሐፍ፣ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ፣ የተገላቢጦሹ ሆነ፤ እዚያ የተዋጠው ሠዓሊ ጆን አቦት ይባላል።

አቦት በ1751 በለንደን ከአንድ ጠበቃ ቤት ተወለደ። ሕግ እንዲማር የታሰበው ልጅ ነፍሳት ማሳደድና መሣል መረጠ። በ1773፣ ስሚዝ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ነፍሳት ሰብስቦ ወደ እንግሊዝ ለመላክ ተስማምቶ በመርከብ ወደ ቨርጂንያ ሄደ። የአሜሪካ አብዮት ሲቃረብ ወደ ደቡብ ወረደና በጆርጂያ ተቀመጠ፤ ወደ እንግሊዝም አልተመለሰም። ኑሮው የተመሠረተው የደረቁ ነፍሳትን፣ ወፎችንና ሥዕሎችን እየሸጠ ነው። በሕይወቱ ዘመን የሣላቸው የውኃ ቀለም ሥዕሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በለንደን ወኪሉ ጆን ፍራንሲሎን የተባለ ጌጣጌጥ ነጋዴ ነበር።

የአቦት ብልጫ በእጁ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን ለአውሮፓ ሰብሳቢዎች የሚላከው አብዛኛው ናሙና በመርፌ የተሰካ ጎልማሳ ቢራቢሮ ወይም የእሳት ራት ነበር። ከየትኛው ትል እንደ ወጣ፣ ያ ትል ምን እንደሚበላ የሚያውቅ አልነበረም። አቦት ግን ትሉን ከሚበላው ተክል ጋር ወስዶ በቤቱ ያሳድገዋል፤ መቼ አፈር ውስጥ እንደ ገባ፣ መቼም ክንፍ አውጥቶ እንደ ወጣ ይመዘግባል። ከዚያም ትሉን፣ ፑፓውን፣ ጎልማሳውንና ተክሉን በአንድ ገጽ ይሥላል። የዛሬ ተማሪ በቤተ ሙከራ ሣጥን ውስጥ የሚያደርገውን እሱ በጫካ ዳር ጎጆው ያደርግ ነበር።

ከነዚህ ሥዕሎች 104 ተመርጠው በ1797 በለንደን በሁለት ቅጽ ታተሙ። መጽሐፉ የጆርጂያን ብርቅ ቢራቢሮዎችና የእሳት ራቶች የሚመለከት ሲሆን ጽሑፉ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። የስሚዝ ድርሻ ለየዝርያው የላቲን ስምና አጭር መግለጫ መስጠት፣ የአቦትን ማስታወሻ ማስተካከልና መጽሐፉን በአዘጋጅነት መምራት ነበር። የአቦት ስም በርእሱ ገጽ ላይ አለ፤ ምልከታው የእሱ መሆኑም አልተካደም። ይሁን እንጂ በዝርያ አሰያየም ደንብ ስሙ የሚያያዘው መግለጫውን ከጻፈው ሰው ጋር ነው። ስለዚህ በ96ኛው ሥዕል ላይ ያለው ግራጫ የእሳት ራት ፋሌና ፍሩጂፐርዳ ተብሎ ሲሰየም ባለ ስሙ ስሚዝ ሆነ። ፋሌና ሊኒየስ አብዛኞቹን የእሳት ራቶች በአንድነት ያከተተበት ወገን ነው። በኋላ ዝርያው ወደ ሌላ ወገን ስለ ተዛወረ የስሚዝ ስም በቅንፍ ገባ፤ ቅንፉ የሚናገረውም ይህንኑ ነው።

ስያሜው ሁለት የላቲን ቃላትን ያጣመረ ሲሆን ፍሬን ወይም ሰብልን የሚያጠፋ የሚል ፍቺ አለው። የአማርኛውን ስም ከዚህ ጋር ማነጻጸር ደስ ይላል። እኛ የእሳት ራት የምንለው ጎልማሳው በፋኖስ ዙሪያ ተሽከርክሮ የሚሞትበትን መንገድ አይተን ነው። ስሚዝ የሰየመው ትሉ በሚበላው ነው። ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ ብናነባቸው የእንስሳውን ሕይወት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሸፍናሉ፤ ያለ አቦት ግን በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ዝምድና ባልታወቀ ነበር።

የዚህ የእሳት ራት መልክ ለሰብሳቢ የሚያጓጓ አይደለም። ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ32 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። የወንዱ የፊት ክንፍ ግራጫና ቡናማ የተዥጎረጎረ ሲሆን፣ ከክንፉ ጫፍ አጠገብና ከመሐሉ ገደማ ነጣ ያለ ምልክት አለው። የሴቷ ክንፍ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ምልክቱ እምብዛም አይለይም። የሁለቱም የኋላ ክንፍ ብርማ ነጭ ሆኖ ጠርዙን ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ይከበዋል። በቀን በቅጠልና በአፈር መካከል ሲያርፍ ዓይን አይጥለውም። በመንገድ መብራት ሥር ወድቆ የተገኘ፣ የክንፉ ብናኝ የረገፈ ጎልማሳ ደግሞ ከዘመዶቹ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ ባለሙያው እንኳ የመራቢያ አካሉን በማጉያ ሳያይ ወይም ዘረ መሉን ሳይመረምር አፉን ሞልቶ አይናገርም። ጎልማሳው አሳሳች፣ ትሉ ግን ግልጽ ምልክት ያለው መሆኑ የአቦትን አሠራር ዋጋ ያሳያል። ከዚህም አልፎ በበቆሎና በሩዝ ስም የሚጠሩ ሁለት የዘር ሐረጎች እንዳሉት ታውቋል፤ በመልክ ግን አይለያዩም። እዚህ ላይ የአቦት ብሩሽም ቢሆን አይረዳም።

ሴቷ በሕይወቷ በአማካይ ወደ 1,500 እንቁላል ትጥላለች፤ ክምችቱንም በገላዋ ብናኝ ትሸፍነዋለች። ጎልማሳው በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሊበር ይችላል። ውርጭ ስለማይችል በሰሜን አሜሪካ ክረምቱን የሚያሳልፈው በደቡብ ፍሎሪዳና በደቡብ ቴክሳስ ብቻ ሲሆን በየዓመቱ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይዘምታል። ውርጭ በሌለበት ሞቃት አገር ይህ ገደብ የለበትም፤ የሚበላው እስካገኘ ድረስ ዓመቱን ሙሉ ይራባል። በ2016 በምዕራብ አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በ2009 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በያኔው የደቡብ ክልል በመስኖ በለማ በቆሎ ላይ ተገኘ፤ ብዙ ወራት ሳይቆይም ወደ ኦሮሚያ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ አማራ ክልሎች ተዛመተ። በቀጣዩ ዓመት ሕንድ ደረሰ፤ በ2020 አውስትራሊያ ገባ።

ተምች የሚለው ቃል ከዚያ በፊት የሚያመለክተው የአገሩን ነባር ዝርያ ነበር፤ ድንገት በብዛት ወርዶ፣ ማሳውን ግጦ፣ እንደ ሠራዊት ወደ ሚቀጥለው ማሳ የሚሻገረውን። መጤው ግን በአብዛኛው እንዲህ አይጓዝም። ገና ባልተዘረጉት የበቆሎ ቅጠሎች መሐል ተሸሽጎ ይበላል፤ በላዩም የራሱ እዳሪ ስለሚከመርበት የሚረጨው መድኃኒት አይደርሰውም። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ገበሬዎች ከነልጆቻቸው ወጥተው ቅጠሉን እየፈለቀቁ ትሉን በእጅ ይለቅሙ ነበር። የሰብሉ ነገርም ልብ ይባል። በቆሎ ራሱ ከአሜሪካ የመጣ እህል ነው፤ በሰሜን ኢትዮጵያ አንዳንድ ቦታ የባሕር ማሽላ የሚለው ስሙ ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን ይዟል። እህሉ ከመጣ ከብዙ ዘመናት በኋላ የጥንት በላተኛው ተከተለው።

ስሚዝ የዚህን ሁሉ ወሬ አልሰማም። የእሳት ራቱን መጽሐፍ ባሳተመበት ጊዜ ሐሳቡ በሌላ ነገር የተያዘ ነበር። በ1790ዎቹ መጀመሪያ ለንግሥት ሻርሎትና ለልጆቿ ዕፀዋት እንዲያስተምር ተጠርቶ ነበር። በ1793 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ላይ ግን ሩሶን ማመስገኑና የፈረንሳይዋን ንግሥት ማሪ አንቷኔትን መንቀፉ በቤተ መንግሥት አልተወደደለትም። በ1796 ፕሌዛንስ ሪቭን አገባና ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ኖሪች ተመለሰ። በዚያው ዓመት የሊኒየስን ማዕድናት በጨረታ ሸጠ፤ ሌላውን ስብስብ ግን ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ማኅበሩ በለንደን፣ የማኅበሩ ስም የቆመበት ስብስብ ግን በፕሬዚዳንቱ ቤት በኖሪች ሆነ። ስሚዝ በየዓመቱ ለሁለት ወራት ያህል ወደ ለንደን እየመጣ ጉባኤዎቹን ይመራ ነበር። የግል ንብረቱ ነውና ማንም ሊከለክለው አይችልም ነበር፤ ለአባላቱ ግን የሚመች ዝግጅት አልነበረም።

የኖሪች ዓመታት ፍሬያማ ነበሩ። በ1807 ለተማሪዎች ያዘጋጀው የዕፀዋት ጥናት መግቢያ ደጋግሞ ታተመ። የአብርሃም ሪስ ኢንሳይክሎፒድያም አያሌ የዕፀዋት አንቀጾችን ከእሱ አገኘ። በ1814 የሰር ማዕረግ ተሰጠው። በ1818 ግን የወጣትነቱ ዝግ በር እንደገና ከፊቱ ቆመ። የካምብሪጅ የዕፀዋት ፕሮፌሰር ቶማስ ማርቲን አርጅቶ ስለ ነበረ በእሱ ፈንታ እንዲያስተምር ስሚዝን ጋበዘው። የዩኒቨርሲቲው ተቆጣጣሪ መምህራን ከመንግሥታዊው ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆነ ሰው በዚህ አያስተምርም ብለው ተቃወሙ። በወቅቱ በአገሪቱ ቀዳሚ ከሚባሉት የዕፀዋት ሊቃውንት አንዱ፣ ባለ ማዕረግ፣ የ58 ዓመት ሰው ነበር። ነገሩን በዝምታ አላለፈውም፤ በታተሙ ጽሑፎች ተከራከረ፤ ወንበሩን ግን አላገኘም።

ከ1824 ጀምሮ የእንግሊዝን ዕፀዋት የሚመለከት ሌላ መጽሐፍ በየቅጹ ያወጣ ጀመር። በዚህኛው ላይ ስሙን ከመጀመሪያው ቅጽ አንሥቶ በገሃድ አሳተመ። አራተኛው ቅጽ ከወጣ በኋላ በመጋቢት 17 ቀን 1828 በኖሪች አረፈ፤ የተቀበረው በሎውስቶፍት ነው። ጆን አቦት ከእሱ በኋላ ከ10 ዓመታት በላይ ኖሮ በ1840 ገደማ በጆርጂያ በቡሎክ አውራጃ ሞተ። አቦት ከ1773 በኋላ እንግሊዝን አላያትም፤ ስሚዝም አሜሪካን አልረገጠም።

ስሚዝ ስብስቡን ለማኅበሩ በስጦታ አልተወም። ፈጻሚዎቹ ለሽያጭ ሲያቀርቡት ማኅበሩ በ1829 የሊኒየስንና የስሚዝን ስብስቦች በአንድነት በ3,150 ፓውንድ ገዛ። ገንዘቡ ስላልነበረው ተበደረ፤ ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ1861 ነው። ፕሌዛንስ በ1832 የባሏን የሕይወት ታሪክና ደብዳቤዎች በሁለት ቅጽ አሳተመች፤ እሷ ራሷም 103 ዓመት ኖራ በ1877 ሞተች። ሣጥኖቹ ዛሬ በለንደን በበርሊንግተን ሃውስ ምድር ቤት ሙቀቱና እርጥበቱ በሚጠበቅ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ።